ከጉና ሥር ላለ ትምህርት ቤት የሠራሁት ዓርማ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ብሩሽ አልያዝኩም። ጋሽ ተገኘ አዲስ የተጻፈ ላሜራ በቤቱ በር ላይ አቆሙና፣ «መንገዱን ተሻገሪ፤ ማዶ ቁሚና የሚታይሽን ንገሪኝ» አሉኝ። ተሻገርኩ። ከገበያ የሚመለሱ አህዮች በመካከላችን አለፉ። ተመልሼ መጽሐፍ እንደታየኝ ነገርኳቸው።

«መጽሐፉ ላይ ምን ተጽፏል?»

«እሱ አልታየኝም።»

«እንግዲያው አልተጻፈም» አሉና ትንንሾቹን ፊደላት በጨርቅ ጠረጓቸው። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

ጋሽ ተገኘ ደብረ ታቦር ውስጥ የሰሌዳና የማኅተም ሥራ ቤት ነበራቸው። የሱቅም የሆቴልም ሰሌዳ ይሠራሉ፤ ዋናው እንጀራቸው ግን ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤት ሲከፈት ዓርማ ይፈልጋል። ዓርማው በሰሌዳ ላይ ይሣላል፣ በማኅተም ላይ ይቀረጻል፣ በተማሪው ሹራብ ደረት ላይ ይጠለፋል። ጥልፉን ልብስ ሰፊዎች ይሠሩታል። የቀረው ሁሉ ከእኛ ቤት ይወጣ ነበር።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም። የመጣሁት ከይፋግ ወገን ካለ ገጠር ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ቤት ተከራይተን፣ ስንቅ ከየቤታችን እያመጣን የምንማር ልጃገረዶች ነበርን። ከፈተናው በኋላ አንዳንዷ አለፈች፣ አንዳንዷ አገባች፤ በኪራይ ክፍላችን ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ። የጋሽ ተገኘ በር ላይ «የእጅ ጽሑፉ ያማረ ሠራተኛ ይፈለጋል» የሚል ወረቀት አይቼ ገባሁ። አጻጻፌን ተመለከቱና ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

በቤቱ ውስጥ ደረጃ ነበር። አጣቢ ብሩሹን ቀለም በሚያሟሟ አኳራጅ ያጥባል፣ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። መደብ ቀቢ የዝገት መከላከያውንና የመጀመሪያውን ቀለም ይቀባል። ፊደል ጸሐፊ በክርና በጠመኔ መስመር አስምሮ ይጽፋል። ከሁሉ በላይ ዓርማ ሠሪ ነው፤ እሱም ጋሽ ተገኘ ራሳቸው ነበሩ። እኔ ከአጣቢነት ጀምሬ እያንዳንዱን ደረጃ አለፍኩ። ከዚያ ሁሉ ጋር ማዶ መቆሙ የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ። ዓይንሽ ደኅና ነው ይሉኝ ነበር። ዝናብም ቢሆን መንገዱን ተሻግሬ ብቻዬን ቆሜ ሰሌዳ አያለሁ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሰው የምጠብቅ መስሎት ነበር፤ በኋላ ለመደኝ።

ሴት ሠራተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ደንበኞች ሲገቡ፣ «ልጄ፣ ሻይ በይልን» ይሉኛል።

«ሻይ ቤቱ ማዶ ነው፤ ሰሌዳችሁን ለማየት ስሻገር እነግርላችኋለሁ» እላለሁ። ጋሽ ተገኘ ራሳቸውን ሳያቀኑ ይስቃሉ።

በዚያን ጊዜ በሁሉም ትምህርት ቤት ዓርማ ላይ የሚሣለው መጽሐፍ አንድ ዓይነት ነበር። ምክንያቱ ቅዱ ነው። ቅድ የምንለው ሥዕሉ በምላጭ ተቆርጦ የወጣበትና በላዩ ቀለም የሚረጭበት ነገር ነው። ወረቀት ቀለም ሲነካው ስለሚበሰብስ ጋሽ ተገኘ የሚቆርጡት ከተጣለ የራጅ ፊልም ላይ ነበር። የተከፈተው መጽሐፍ የወጣው ከአንድ ሰው ደረት ላይ ነው፤ በመጽሐፉ ዙሪያ የጎድን አጥንት ይታያል። የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ከእብናት የመጡ ርዕሰ መምህር ሰሌዳቸውን አይተው፣ «ይኼ እኮ መንገድ ላይ ያየሁት የሌላ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው» አሉ።

«ልጆቹ የሚማሩበት መጽሐፍስ አንድ አይደለም?» አሉ ጋሽ ተገኘ።

ሰውየው ሰሌዳውን አሸክመው ሄዱ።

ማኅተም መቅረጽ የጀመርኩት ሌሎቹ ስለሰለቻቸው ነው። ከወረዳ የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ ላልመጣ ሰው ማኅተም አይቀረጽም። ደብዳቤው ሲመጣ ጎማው በልክ ይቆረጣል፤ ፊደሉ በግልባጭ ይጻፍበታል፤ ከዚያ የማይፈለገው ጎማ በምላጭ ጫፍ ይወጣል። አንድ ፊደል ከተበላሸ ሁሉም እንደ አዲስ ነው። ወሬ ያለበት ቦታ የሚሠራ ሥራ አይደለም። እኔ ደግሞ ወሬ የሚበዛበት ቦታ አልነበረኝም።

ከዚያ ሥራ ነው ዓርማን የተማርኩት። ሰሌዳ ላይ ያማረ ዓርማ ማኅተም ላይ ሲያንስ ቀለሙ ይገናኝና ጥቁር እብጠት ይሆናል። መስመር ከመስመር ካልተራራቀ ቀለም አይምረውም። ስለዚህ አዲስ ዓርማ ሲመጣ መጀመሪያ በማኅተም ልክ እሠራዋለሁ፤ ሰሌዳው በኋላ ነው።

ጋሽ ተገኘ ሲሞቱ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ነበሩና ቤቱን ለእኔ አከራዩኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች አንድ በአንድ የራሳቸውን ከፈቱ። ከፊት ለፊቱ ሥራ ቤት፣ ከጓሮው አንዲት ክፍል ነበረች፤ እዚያው ገባሁ። የቀለም ሽታ ስላለ እንግዳ ብዙ አይቀመጥም። አላገባሁም። ጠያቂ አልነበረም አልልም፤ አልሆነም።

ጨዋታ የማገኘው ቀለም ስገዛ ነበር። ቀለም የሚሸጡልኝ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ገና ስገባ፣ «አስካለ፣ ዛሬም ሰማያዊ ነው?» ይሉኛል።

«ሰማያዊና ነጭ።»

«አገሩን ሁሉ ሰማያዊ አደረግሽው እኮ። እስኪ አንድ ቀን ብጫ ግዢኝ። ብጫው ከእኔ ጋር መደርደሪያ ላይ አረጀ።»

«ትምህርት ቤቶቹ ብጫ አይፈልጉም፣ ሐጂ።»

«አይተውት ያውቃሉ?»

ዩኒቨርሲቲ ከተማችን ከመጣ በኋላ ሥራው ለጥቂት ዓመታት በረታ። ተመራቂዎች ለየክፍላቸው ዓርማ እያሠሩ ካናቴራ ላይ ያሳትሙ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ መጡና ወንበሩን ተካፍለው ተቀመጡ። መጽሐፍ፣ ችቦ፣ ጥርስ ያለው ጊር፣ ሚዛን፣ የምረቃ ቆብ እንዲገባ አዘዙ።

«ሌላስ?» አልኳቸው።

«የአፍሪካ ካርታ» አለ ልጁ።

«አፍሪካን ምን አመጣት?» አለችው ልጅቱ።

«አንቺ ሚዛን ስታስገቢ ማን ጠየቀሽ?»

«ሚዛንማ ፍትሕ ነው።»

«እኛ ፍትሕ ነው እንዴ የተማርነው? ግድብ ነው የተማርነው።»

«ግድቡን ረሳነው» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «ግድብም ይግባ፣ እትዬ።»

ሁሉንም አስገባሁ። ካናቴራው ላይ ወጥ የፈሰሰበት መስሎ ወጣ። እነሱ ግን ለብሰውት ፎቶ ተነሡ፣ ፎቶውንም አመጡልኝ፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ለአንድ ቀን የሚለበስ ዓርማ ነው። ትምህርት ቤት ግን ከዓርማው ጋር ይኖራል።

አሁን ወደማልረሳው ሥራ ልግባ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት ወጣት ሴት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ይዟት ገባች። የሺ ትባላለች። ከጉና ተራራ ሥር፣ ከጋሳይ በላይ ያለ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። ደብዳቤዋን ከፌስታል አውጥታ ሰጠችኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ትምህርት ቤታችን እስከ ስምንተኛ ነበር። ዘንድሮ ዘጠነኛ እንዲከፈት ተፈቅዷል። ሕንጻውም አልቋል። የሁለቱም ጎጥ፣ የላይ አምባም የታች ምንጭም ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሠራው። የቀረን ማኅተሙ ነው። ወረዳው፣ ማኅበረሰቡ የተስማማበት ዓርማ ያለው ማኅተም ሳይመጣ ምዝገባ አይጀመርም ብሎናል።»

«ዓርማው ምንድን ነው?»

«መስማማት ያቃታቸው እሱን ነው። ላይ አምባዎች ተራራችን ይሁን ይላሉ። ታች ምንጮች ደግሞ ምንጩ ካልሆነ አይሆንም ይላሉ። በውሃው ድሮም ጠብ አላቸው። ውሃው የሚነሣው ከላዮቹ መሬት ነው፤ የሚጠጡት ታቾቹ ናቸው።»

«ቢዘገይስ?»

«ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ወንዶቹ ጋሳይ ወርደው ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ሴቶቹን ግን ማንም አይልካቸውም። ስምንተኛን የጨረሱት ሁሉ ታጭተዋል ማለት ነው። እኔን ተራራውም ምንጩም አይደለም ያስጨነቀኝ።»

ቤት ተከራይቶ መማር ምን እንደሆነ ስለማውቅ ሌላ አልጠየቅኳትም። እርሳስ አነሣሁ።

መጀመሪያ ተራራውን ከላይ፣ ምንጩን ከሥሩ አድርጌ ሣልኩ። ይዛ ወጣች። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተመለሰች።

«ታቾቹ ‹እግራቸው ሥር አስቀመጠችን› አሉ።»

ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ይዛ ወጣች፤ ተመለሰች።

«ላዮቹ ‹ምንጩ ከተራራችን ሥር ይወጣል እንጂ መቼ ጎናችን ቆሞ ያውቃል› አሉ።»

ሦስተኛውን ከራሴ አመነጨሁ። ጉና ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል ነው። ረጅም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ በማኅተም ልክ ቢያንስም መስመሩ አይጠፋም። ከሁለቱም ጎጥ ይታያል፤ የማንም አይደለም። ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረ መሰለኝ። የሺ ስትመለስ ገና ከበሩ እየሳቀች ነበር።

«‹ልጆቻችን ተምረው እንደ ጅብራ ሊገተሩ ነው ወይ?› አሉኝ።»

«የትኞቹ?»

«ሁለቱም። እስከዛሬ የተስማሙበት ነገር ይኼ ብቻ ነው።»

ሳቋን ስትጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ምዝገባው ደርሷል። እኔ ራሴ እንደምወጣ ነገርኳት። እስከዚያ ድረስ ለሥራ ብዬ ከከተማ ርቄ ሄጄ አላውቅም ነበር፤ ሰሌዳው ነው የሚሄደው።

ከመውጣቴ በፊት ናሙና ማኅተም ቀረጽኩ። የትምህርት ቤቱን ስም በክብ ዙሪያ ጻፍኩ፤ በመካከሉ ሁለቱም ወገን እንደጠየቀው ተራራውንም ምንጩንም አስገባሁ። ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ወረቀት ላይ ለሚሟገት ሰው ግን በአፍ መንገር አይበቃም፤ ማኅተሙን በገዛ እጁ ረግጦ ማየት አለበት።

በሚኒባስ ጋሳይ ደረስኩ። የሺ በቅሎ ይዛ ጠበቀችኝ።

«በቅሎዋ የአያ ዋሴ ናት፤ የታች ምንጩ ሽማግሌ» አለችኝ ኮርቻውን እያጠበቀች። «ለመመለሻ የአያ እንየውን እንይዛለን።»

«ለምን? ይቺ አትመለስም?»

«ትመለሳለች። ግን አያ እንየው የላይ አምባው ሽማግሌ ናቸው። በዋሴ በቅሎ መጥታ በዋሴ በቅሎ ተመለሰች ከተባለ አለቀልን።»

ስብሰባው አዲሱ ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳው ገና አልተለሰነም። ላዮቹ በግራ፣ ታቾቹ በቀኝ፣ ባና እንደተከናነቡ ተቀመጡ። ብርዱ ከግድግዳው ይወጣል። ሴቶቹ እንጀራና ጠላ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኔን በሁለቱ መካከል በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። የማውቀው ሰው አልነበረም፤ የሺ እንኳ ከአካባቢው ቄስ ጋር ራቅ ብላ ነበር የተቀመጠችው።

አያ እንየው ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። «አንቺ ነሽ ጅብራዋ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እንደሱስ አትረዝሚም።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ማኅተሙንና በቀለም የራሰውን ስፖንጅ አወጣሁ። «ሁለታችሁም የጠየቃችሁት እዚህ ላይ አለ። እናንተው እርገጡትና እዩት» ብዬ ለአያ እንየው ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ችንካር ረገጡት። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ብዙ ተመለከቱ።

«ተራራው የታለ?»

«ጥቁሩ ነው።»

«ሁሉም ጥቁር ነው እኮ።»

አያ ዋሴ ወረቀቱን ተቀበሏቸው። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሰው ናቸው። «የኛስ ምንጭ?»

«እሱም እዚያው ነው።»

«ዋሴ፣ ምንጭህ ደፈረሰ» አሉ አያ እንየው።

«ከላይ ያደፈረሱት እንደሆነስ?» አሉ አያ ዋሴ።

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። አንድ ከላዮቹ ወገን የሆነ ጎልማሳ ተነሣና፣ «ምንጩን ብታወጣው ተራራው ይጠራል» አለ። ከወዲያ ደግሞ፣ «ተራራው ይውጣና ምንጩ ይጥራ፤ ሰው የሚጠጣው ተራራ ነው ውሃ?» አሉ። ድንጋይ ማን የበለጠ እንደተሸከመ ተነሣ። ማን የማንን ቦይ እንደሰበረ ተነሣ። ቄሱ ተዉ ቢሉ የሚሰማ ጠፋ። የሺ ቀና ብላ ጣራውን ታያለች። ሥራው እጄ ላይ ሞተ ብዬ ማኅተሙን ወደ ጨርቁ መጠቅለል ጀመርኩ።

አንዲት ሴት የጠላውን እንስራ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባች። ዘውዴ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት ናት። ከየትኛው ጎጥ እንደሆነች ያን ጊዜም አልጠየቅኩም።

«አባቶቼ፣ ተራራውም የትም አይሄድ። ምንጩም የትም አይሄድ» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «የእኔ ልጅ ግን ትሄዳለች። ለጥር ጠይቀዋታል። ትምህርት ተከፍቷል ካላልኩ ምን ብዬ እመልሳቸዋለሁ? ሁለቱንም ታውጣቸው።»

«ምን ይቀራል ታዲያ?» አሏት አያ ዋሴ።

«እሱን እኔ አላውቅም። ልጄ ትቅር።»

ማኅተሙን ከጨርቁ መልሼ ፈታሁ። ምላጬንም አወጣሁ። አያ እንየውን አየኋቸው፤ አያ ዋሴንም አየኋቸው። የከለከለኝ የለም። ማኅተሙን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተራራውን ከሥሩ ቆርጬ አነሣሁ፤ ቀጥሎም ምንጩን። ፍርፋሪው ቀሚሴ ላይ ወደቀ። ጠርዙን አስተካከልኩና ስፖንጁ ላይ አድርጌ ለአያ ዋሴ አቀበልኳቸው። በፊት የረገጡት አያ እንየው ስለነበሩ ነው።

ረገጡት። የትምህርት ቤቱ ስም በዙሪያው ጥርት ብሎ ወጣ። መካከሉ ነጭ ነበር።

«ባዶ ነው» አሉ።

«ባዶ ነው» አልኳቸው።

አያ እንየው ወረቀቱን ወስደው አዟዟሩት። «ላዩ የት ነው?»

«ስሙ ከሚጀምርበት ይታወቃል አባቴ።»

«ስሙማ ከታች ነው የሚጀምረው» አሉ አያ ዋሴ ጠጋ ብለው እያዩ።

«ከታች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል» አሉ አያ እንየው።

«ኋላ ወደ ታች ይወርዳል።»

«ይውረድ እንግዲህ።»

ቄሱ ቶሎ ብለው ተነሥተው መረቁ። ሌላ ሐሳብ ሳይነሣ ነው የቸኮሉት። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ አንደኛው ከአንደኛው ጣት ጎን እንጂ በላይም በታችም እንዳይሆን የሺ ቦታውን በእርሳስ አስምራ ነበር።

ያን ቀን ስለመሸ የሺ ዘንድ አደርኩ። የምትኖረው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ አቀረበች። አልጋዋን ለእኔ ለቃ መሬት ላይ አነጠፈች።

«ቀኑን ሙሉ ሰው ይከበኛል፤ ተማሪ፣ ወላጅ፣ ሽማግሌ» አለችኝ። «ሲመሽ ግን እንደዚህ ነው። እርስዎስ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ከሥራዬ ጋር።»

«አይከብድም?»

«ይለመዳል» አልኳት። «ሁልጊዜ አይደለም» ብዬ ጨመርኩ። በማግስቱ አንድ ቀን ቆዩ ብላ ለመነችኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ በአያ እንየው በቅሎ ወረድኩ። ሥራ ነበረብኝ፤ የሚቸኩል ግን አልነበረም።

የወረዳው ሹም ማኅተሙ የተረገጠበትን ወረቀት ሲያይ መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን አየ አሉ። ዓርማው እዚያ የተሣለ መስሎት ነው።

«ዓርማው የታለ?» አላት የሺን።

«ክቡ ነው።»

«ምን ማለት ነው ክቡ?»

«ሁለቱም ጎጥ የፈረሙበት ማለት ነው።»

ሰውየው አገሩን ያውቃል። የአያ ዋሴንና የአያ እንየውን ጣት ጎን ለጎን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ፈረመ። የምዝገባው ቀን ሲያበቃ የሺ ደወለችልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ተከፍቷል፤ የዘውዴ ልጅ ተመዝግባለች። ስልኩ ይቆራረጥ ስለነበር ሌላውን አልሰማሁትም።

ሰሌዳውን ሠራሁ። መደቡን ሰማያዊ ካደረግኩ በኋላ ክቡም ነጭ ቢሆን በነጭ የሚጻፈው ስም ይጠፋበታል ብዬ ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ብጫ ስጡኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ሊሣልበት?»

«ክብ።»

«ክቡ ውስጥስ?»

«ምንም።»

«ምንምን ለመሣል ነው ብጫዬን የምትጨርሺው?» አሉና አቧራውን ጠርገው ሰጡኝ።

ሰሌዳው ደርቆ አይሱዙ ላይ ሲጫን መንገደኛ ሁሉ ይቆም ነበር። «እትዬ፣ ይኼ አላለቀም እኮ» ይለኛል። አልቋል እላለሁ። አንዱ ጫኝ፣ «እዚያ ሲደርስ ይሞሉታል» ብሎ ለጓደኛው አስረዳው።

የሺ ለሥራ ወደ ደብረ ታቦር ስትወርድ እኔ ዘንድ ጎራ ትል ነበር። ምሳ አብረን እንበላለን፤ እሷ ታወራለች፣ እኔ ፊደሌን እጽፋለሁ። ተማሪዎቹ ሹራባቸው ላይ ያለውን ክብ በእስክሪብቶ እየሞሉ እንዳስቸገሯት የነገረችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወደ ሌላ ዞን ተዛወረች። ለበዓል ትደውል ነበር። በኋላ ስልኳ ተቀየረ። እኔም ከነበርኩበት ስላልተነቃነቅኩ፣ ብትመጣ ታገኘኛለች ብዬ ነው የተውኩት።

ከዓመታት በኋላ የዚያ ትምህርት ቤት አዲሱ ርዕሰ መምህር መጣ። በኮምፒውተር የተሠራ ያማረ ዓርማ ይዟል፤ ተራራም፣ ምንጭም፣ መጽሐፍም፣ ፀሐይም አለበት። ወላጆቹን ሰብስቦ ሲያሳያቸው ባዶውን አትንካብን አሉት።

«እርስዎ ቢነግሯቸው ይሰሙ ይሆናል» አለኝ።

«እኔን አያስታውሱኝም» አልኩት። «ደግሞም ልክ ናቸው።»

ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣ። የዘውዴን ልጅ ጠየቅኩት፤ አላወቃትም። እኔም ስሟን አላውቀውም ነበር። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም።

ዛሬ ሥራውን ትቻለሁ። ምላጭ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሥራ ቤቱን ስልክ የሚጠግን ልጅ ተከራይቶታል፤ እኔ ከጓሮው ክፍል አለሁ። የዛሬ ልጆች በኮምፒውተር የሚሠሩት ከእኔ ሥራ ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ በዚያ አልከራከርም። ሙያውን ሊያውቁ የሚመጡ ካሉ ግን የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ዓርማ ሊያሠራ ሲመጣ ምን ይግባበት ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ይገባል ይሏችኋል። ምን ቢቀርባቸው መኖር እንደሚችሉ ጠይቁ። የተረፈውን ሣሉ።